ምስጥ የበላው ብር፦ ብሔራዊ ባንክ የቱን ይለውጣል?

ጥያቄው የመጣው ከጅማ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦

«አያቴ ሂርማታ ገበያ አካባቢ ለረጅም ዓመት ሱቅ ነበራቸው። ወለድ ሐራም ነው ብለው ብራቸውን ባንክ አስገብተው አያውቁም። ሰሞኑን አልጋቸው ሥር ያለውን የእንጨት ሳጥን ስንከፍተው ምስጥ ገብቶበታል። ከላይ ያለው ብር ደህና ነው። መሀሉ በእርጥበት ተጣብቋል። ታች ያለው ግማሽ በግማሽ ተበልቷል፣ ዱቄት የሆነም አለ። አብዛኛው ባለ 200 እና ባለ 100 ሲሆን በግምት 70,000 ብር ይሆናል። ከሥሩ ደግሞ ወደ 9,000 ብር የሚሆን የድሮው ባለ 100 እና ባለ 50 ወጣ። ሁለት ጠገራ ብርና አንድ ጣሳ ሳንቲምም አለ። አንድ ደላላ ‹ብሔራዊ ባንክ ሰው አለኝ፣ የድሮውንም ጭምር በ30 ከመቶ ቅናሽ ልውሰድላችሁ› ብሎናል። ጀርመን ያለው አጎቴ በበኩሉ ብሔራዊ ባንክ የድሮ ብር የመለወጥ ግዴታ አለበት፣ የትም አገር እንደዚያ ነው ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ ኖቱ ላይ የታተመው መለያ ቁጥር እስካልጠፋ ድረስ ሙሉ ይከፈላል አለችኝ። አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አለብኝ? የተጣበቀውንስ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ልለየው?»

ከመጨረሻው ልጀምር፤ ጊዜ የማይሰጠው እሱ ነው። ውሃ አታስነኪው። ኦሞም፣ ካውያም፣ የቀትር ፀሐይም አይንካው። የተጣበቀውን እስር በጥፍርም ሆነ በቢላ ለማላቀቅ አትሞክሪ። ሰው ገንዘቡ ሲበላሽ የሚያጣው ብዙ ጊዜ ምስጡ በበላው ልክ ብቻ አይደለም። ቤት ውስጥ «ላስተካክለው» ብሎ የሚያበላሸውም ይጨመርበታል።

የብር ኖት ወረቀት ደብተር ከሚሠራበት ወረቀት ይለያል። የሚሠራው ከጥጥ ነው። ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከልብስ ጋር ቢታጠብ እንኳ ሳይፈርስ የሚወጣው ለዚህ ነው። ምስጥም የሚወደው ይህንኑ ጥጥ ነው። ምስጥ የሚመገበው ሴሉሎስ ነው፤ ጥጥ ደግሞ ከሞላ ጎደል ንጹህ ሴሉሎስ ነው። የጅማን ዝናብ ለጅማ ሰው መንገር አያስፈልግም። በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። የአፈር ወለል ላይ የተቀመጠ ሳጥን እርጥበቱን ከታች ይስባል፤ ምስጡም በዚያው መንገድ ይመጣል። ስለዚህ ታችኛው ይበላል፣ መካከለኛው ይሻግታል፣ ላይኛው ይተርፋል። የአያትሽ ሳጥን ያሳየሽ ይህንኑ ነው።

እርጥበት ያጣበቀው እስር ደረቅ ይምሰል እንጂ ውስጡ ሳስቷል። ውሃ ሲነካው ቀለሙ ወደሚቀጥለው ኖት ያልፋል፤ ምስጥ የቆረጣጠመው ጠርዝም ይሟሟል። ዘፍዝፈሽ ካወጣሽው በኋላ የትኛው ቁራጭ የየትኛው ኖት እንደነበር ማንም ሊለየው አይችልም። እንዳለ ሳይነካካ የደረሰ እስር ግን ለሚመረምረው ሰው ብዙ ይናገራል። ኖቶቹ በቅደም ተከተል ተደርድረው ይታያሉ። ጉዳቱ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር የወረደ መሆኑም ይታያል። ይህ ደግሞ ሰው ሆን ብሎ እንዳልቆረጠው ጥሩ ማስረጃ ነው።

ዛሬ ማድረግ ያለብሽ ይህ ነው። ሳጥኑን ከማንቀሳቀስሽ በፊት በስልክሽ ፎቶ አንሺው፦ ከላይ፣ ከጎን፣ የምስጡን ዋሻ፣ ወለሉንም ጭምር። ከዚያ፣ ከላይ ያለውን፣ በራሱ የሚነሳውን ደህና ብር አውጥተሽ ለብቻ ቁጠሪ። የተጣበቀውን እንደተጣበቀ በጠፍጣፋ ካርቶን ላይ አስተኚው፤ የጫማ ካርቶን ይበቃል። ከሥርም ከላይም ንጹህ ነጭ ወረቀት አድርጊበት። ፌስታል ውስጥ አፍነሽ አታስቀምጪው፤ ሻጋታው ይብስበታል። ነፋስ የሚገባው ጥላ ቦታ ይቀመጥ። ሳጥኑ ውስጥ የቀረውን ቁርጥራጭና ብናኝም አትጣይው፤ በፖስታ አድርጊው። ዋጋ የሌለው ከሚመስለው ቁርጥራጭ ውስጥ የአንድን ኖት ጎዶሎ የሚሞላ ሊገኝ ይችላል። አፍንጫሽን በማስክ ሸፍኚ፣ እጅሽንም ታጠቢ፤ ሻጋታ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ፕላስተር መለጠፍንም እርሺው። እዚህ ላይ ጠንከር የምለው ምክንያት ስላለኝ ነው። ካሸር መስኮት ጀርባ ለተቀመጠ ሰው በጣም የሚያጠራጥረው የተቀዳደደው ኖት አይደለም፤ የተለጣጠፈው ነው። ከተለያዩ ኖቶች የተቆረጡ ቁራጮችን አጋጥሞ ተጨማሪ ኖት ማውጣት የታወቀ ማጭበርበር ነው። የወንጀል ሕጋችን ገንዘብን አስመስሎ መሥራትንም ሆነ ማዛባትን በከባዱ ይቀጣል። አንቺ በቅን ልቦና የለጠፍሽው እና አጭበርባሪ የለጠፈው ሲታዩ ይመሳሰላሉ። ምን አስቸኮለሽ?

አሁን ወደ ባንኩ። ብሔራዊ ባንክ ምን እንደሆነ ላይ በጥያቄሽ ውስጥ የተደበላለቀ ነገር አለ። የተደበላለቀው በአንቺ ብቻ አይደለም። ብሔራዊ ባንክ ሂሳብ የሚከፈትበት፣ ብድር የሚጠየቅበት ባንክ አይደለም። የባንኮች ባንክና የመንግሥት ባንክ ነው። ብር ያሳትማል፣ ለባንኮች ያከፋፍላል፣ ያረጀውን ሰብስቦ ያስወግዳል፣ ባንኮችን ይቆጣጠራል። በአያትሽ ዕድሜ ያሉ ሰዎች የሚያደናግራቸው ሌላ ነገር ነው። እስከ 1956 ዓ.ም. ድረስ አንዱ የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ብርም ያሳትም ነበር፣ ለሕዝብም ሂሳብ ይከፍት ነበር። ከዚያ በኋላ ሥራው ለሁለት ተከፈለ፦ ማሳተሙና ቁጥጥሩ ለብሔራዊ ባንክ፣ የሕዝብ አገልግሎቱ ለንግድ ባንክ።

ስለዚህ ብሔራዊ ባንክ ለተራ ሰው በጥሬ ገንዘብ በኩል የሚሰጠው አገልግሎት ጠባብ ነው። ዋናው የተጎዳ ብርን መመርመርና መለወጥ ነው። እሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ሰው የሚደርሰው በንግድ ባንኮች መስኮት በኩል ነው። ባንኮች በየቀኑ ከሚቀበሉት ብር ውስጥ ለገበያ የማይሆነውን ይለያሉ። ያረጀ፣ የተቀደደ፣ የቆሸሸ፣ ዘይት የጠጣ ሁሉ ለብቻ ታስሮ ወደ ብሔራዊ ባንክ ይመለሳል፤ በምትኩ አዲስ ይመጣል። አጂፕ አካባቢ ባጃጅ የማይቀበልሽ የተቀደደ ባለ 10 ብር ባንክ ውስጥ ገንዘብ ነው። ገበያው አልቀበልም ስላለው ብቻ ዋጋውን አያጣም።

እናም አዲስ አበባ ድረስ መሄድ የመጀመሪያ እርምጃሽ አይሁን። የመጀመሪያው ጅማ ውስጥ ያለ የንግድ ባንክ ቅርንጫፍ ነው፤ በተለይ ትልቁና ብዙ ጥሬ ገንዘብ የሚያስተናግደው። በብዛት የተበላ ብር የሚያይ ሰው እዚያ የማግኘት ዕድልሽ ይሰፋል። በቡና ገዢዎች አካባቢ የሚሠራ ቅርንጫፍ ደግሞ የምስጥ ብር አያስደነግጠውም። ከአጋሮ፣ ከሊሙ፣ ከማና ቡና ሸጦ ብሩን በቆርቆሮና በማዳበሪያ ከረጢት ያስቀመጠ ገበሬ ስንት አለ!

ወደ ጓደኛሽ አባባል እንምጣ፦ «ቁጥሩ ካለ ሙሉ ይከፈላል»። ይህን ስንቱ እንደሚያምነው ብነግርሽ ትገረሚያለሽ። ስህተት ነው። ቁጥሩ ይረዳል እንጂ ብቻውን አይበቃም። ምክንያቱን ለማየት አንድ ነገር አስቢ። ቁጥሩ ሁለት ቦታ የታተመበት ኖት ቢሆንና አንድ ሰው ከመሀል ቢቆርጠው፣ ሁለቱም ቁራጭ ላይ ቁጥር ይኖራል። በቁጥር ብቻ ቢከፈል ለአንድ ኖት ሁለቴ ይከፈል ነበር። ማዕከላዊ ባንኮች የትም አገር የሚፈሩት ይህንኑ ነው። የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክም ሆነ አሜሪካኖች በመርህ ደረጃ ከኖቱ ከግማሽ በላይ መቅረቡን የሚጠይቁት ለዚህ ነው። ከዚያ ያነሰ ከሆነ የቀረው ክፍል በእርግጥ መጥፋቱን አምጪው ማሳመን አለበት። ከግማሽ የሚበልጥ ቁራጭ ከአንድ ኖት ሁለት አይወጣም። ሒሳቡ ይኸው ነው።

አንቺም ቤትሽ ሆነሽ ተስፋሽን በዚህ ልክ ብትመትሪ አትጎጂም። ጠርዙ ብቻ የተበላ፣ ምስሉ፣ ክሩና ቁጥሩ ያለ ኖት ብዙ አያሳስብሽ። ሲሶው የጎደለ፣ የቀረው ግን አንድ ወጥ የሆነ ኖት ጥሩ ዕድል አለው። ግማሽ ገደማ የቀረው በመርማሪው ዓይን ላይ የተንጠለጠለ ነው። ጥቂት ቁራጭ ብቻ የቀረለትንና ዱቄት የሆነውን ግን እንደጠፋ ቁጠሪው። ከተሳካ ትርፍ ይሁን። የመጨረሻው ቃል የብሔራዊ ባንክ ነው። ማዕከላዊ ባንክ የቤትሽ ኢንሹራንስ አይደለም። የሚከፍለው ፊቱ ለቀረበለት ኖት እንጂ ለደረሰብሽ ጉዳት አይደለም። ታሪክሽ አሳዛኝ መሆኑ ሒሳቡን አይለውጠውም። ይህን ቀድሞ ማወቅ መስኮቱ ላይ ከመናደድ ያድናል።

ባንክ ስትሄጂ ገንዘቡ የአያትሽ መሆኑን አትርሺ። ከቻሉ እሳቸው ራሳቸው ይምጡ። ካልቻሉ በሕግ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልግሻል። መታወቂያ ያዙ፤ ፋይዳ ካላቸው ይበልጥ ጥሩ ነው፣ ኋላ ላይ ለምመክርሽ ነገርም ያስፈልጋል። አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፊ። የማን ገንዘብ እንደሆነ፣ የት ተቀምጦ እንደነበር፣ መቼ እንደተገኘ፣ ምን እንደጎዳው፣ በየዓይነቱ በግምት ስንት ኖት እንደሆነ በቀላል አማርኛ አስፍሪ። ስለ ኑሮ ውድነት አትጻፊበት። ፎቶዎቹን አሳትመሽ አያይዢ።

ጠዋት ሂጂ። የገበያ ቀንና የደመወዝ ሰሞን ግን ይቅርብሽ። ወረፋ የጠበቁ ሰዎች ከኋላሽ እያጉረመረሙ የተበላ ብር በትዕግሥት የሚመረምር ካሸር አይገኝም። በቀጥታ ካሸሩ ፊት ካርቶኑን ከመገልበጥ ይልቅ የቅርንጫፉን ሥራ አስኪያጅ ወይም የጥሬ ገንዘብ ኃላፊውን አነጋግሪ። ደህናውን ብር ከተጎዳው ለይተሽ አቅርቢ። ደህናው ወዲያው ሊገባ ይችላል። ቀላል ጉዳት ያለበትንም እዚያው ሊለውጡልሽ ይችላሉ። ከባዱ ግን ወደ ብሔራዊ ባንክ ተልኮ መመርመር አለበት ካሉሽ አትደንግጪ፤ ትክክለኛው መንገድ እሱ ነው። አንድ ነገር ብቻ አጥብቀሽ ያዢ፦ ብሩን ካስረከብሽ በዝርዝር የተጻፈ፣ የተፈረመና ማኅተም ያረፈበት ደረሰኝ ተቀበይ። በየዓይነቱ ስንት ኖት፣ ስንት የተጣበቀ እስር፣ ስንት ፖስታ ቁርጥራጭ የሚል። «ግድ የለም፣ እኛ ጋ ነው» በሚል ቃል ብቻ ካርቶኑን ትተሽ እንዳትወጪ።

አንቀበልም ቢሉስ? ምክንያቱን በጨዋነት ጠይቂ። ሌላ ባንክ ሞክሪ፤ ጅማ ውስጥ የባንክ ቅርንጫፍ ሞልቷል። ያም ካልሆነ ቅሬታሽን ለባንኩ በጽሑፍ አቅርቢ። ብሔራዊ ባንክ የፋይናንስ ተጠቃሚዎችን ቅሬታ የሚመለከት ክፍል አለው፤ ግን መጀመሪያ ባንኩን ጠይቀሽ እንደሆነ ማየት ይፈልጋል። የአዲስ አበባ ጉዞ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ከሄድሽም የተጎዳውን ብር ብቻ ይዘሽ ሂጂ። ደህናውን ብር 350 ኪሎ ሜትር በአውቶቡስ ይዞ መጓዝ ጭንቀት ብቻ ነው።

ስለ ድሮው ባለ 100 እና ባለ 50 የምነግርሽ ደስ አይልም። አልቋል። 9,000 ብር የነበረው ዛሬ ወረቀት ነው። ለውጡ ይፋ የሆነው መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ነው። ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 በአዲስ ተተኩ፣ ባለ 200 ተጨመረ። የመለወጫው ጊዜ ሦስት ወር ነበር፤ ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ተዘጋ። ኖቱ ምስጥ ያልነካው፣ እንደ አዲስ የሚንኮሻኮሽ ቢሆንም ለውጥ የለውም። ከምስጥ ብር ጋር ያለው ልዩነት ይኸው ነው። የተበላው አዲስ ብር ተጎድቷል እንጂ ገንዘብ ነው። ደህናው የድሮ ብር አልተጎዳም እንጂ ገንዘብ አይደለም። ስትለዪ እንዳትሳሳቺ፦ የድሮው ባለ 100 አንድ ገጹ ላይ ማይክሮስኮፕ የሚመለከት ሰው አለበት፤ የድሮው ባለ 50 የጎንደር ግንብ አለበት። ቡና ለቃሚው ያለበት ባለ 5 ብር ግን በዚያ ለውጥ አልተነካም። ሳጥኑ ውስጥ ካለ ከደህናው ጋር ቁጠሪው።

አጎትሽ ከየት እንዳመጡት ይገባኛል። ጀርመን ውስጥ ነገሩ እውነት ነው። የጀርመን ማዕከላዊ ባንክ ዛሬም ድረስ የድሮውን ማርክ ያለ ጊዜ ገደብ በዩሮ ይለውጣል። የእንግሊዝ ባንክም ከአገልግሎት የወጡ ኖቶቹን ይቀበላል። ግን «የትም አገር» አይደለም። ፈረንሳይ የፍራንክ ኖቶችን በር እ.ኤ.አ. በ2012 ዘግታለች። ጀርመንና ፈረንሳይ ዩሮን ይጋራሉ፣ በዚህ ግን ተለያዩ። የእኛም ለውጥ ዓላማው ሌላ ነበር። መንግሥት በወቅቱ ያለው በሕገወጥ መንገድ የተከማቸን፣ በድንበር የወጣንና ሐሰተኛ ብርን ለመምታት ነው። እንዲህ ዓይነቱ ለውጥ በሩን ክፍት ትቶ አይሠራም፤ መሣሪያው ራሱ የጊዜ ገደቡ ነው። ወጪውም ቀላል አልነበረም። ያኔ ይፋ እንደተደረገው 2.9 ቢሊዮን ኖት ለማሳተም 3.7 ቢሊዮን ብር ወጥቷል። አያትሽ የድሮውን ብር ረስተውት እንጂ ደብቀውት እንዳልሆነ አምናለሁ። ሕጉ ግን የረሳውንና የደበቀውን አይለይም። ከባድ ነው፤ ግን እንደዚያ ነው።

ስለዚህ ደላላው የድሮውንም እወስዳለሁ ሲል ውሸቱ እዚያው ተገለጠ። ማንም የውስጥ ሰው የተዘጋን ነገር በ30 ከመቶ አይከፍትም። ምናልባት የድሮውን እንደ ማባበያ ነው የሚጠቀመው፤ ዓይኑ ያለው 70,000ው ላይ ነው። ሒሳቡን ሥሪው። ከ70,000 ብር 30 ከመቶ 21,000 ብር ነው። የሚቆርጠው ደግሞ ከተጎዳው ብቻ ሳይሆን ከላይ ካለው ደህና ብርም ጭምር ነው! ደህናው ብር ምን ሆነና ነው የሚሸጠው? አንዳንዱ ደግሞ «ቅድሚያ ማስኬጃ» ብሎ ጥሬ ገንዘብ ይጠይቅና ስልኩን ያጠፋል። ሌላው ብሩን ለጣጥፎ በማታ ገበያ ውስጥ ያሾልከዋል። ነገሩ ከተያዘ ብሩ ከማን ቤት እንደወጣ ይጠየቃል። ብሔራዊ ባንክ በደላላ አይሠራም፤ ስልክ ደውሎም ብር ልለውጥልሽ አይልም። ሰውየው ድጋሚ ከመጣ በር ላይ ይመለስ። ካርቶኑን «ልየው» ቢል እንኳ አታሳዪው። ቤታችሁ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚያውቅ ሰው አሁንም አንድ በዝቷል።

ጠገራዎቹን ከዚህ ሁሉ አውጫቸው። የብሔራዊ ባንክ መስኮት ጉዳይ አይደሉም። ዋጋቸው በብራቸው ነው፤ ማለቴ በብረቱ። ትክክለኛ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከዚያ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹህ ብር ነው። ላዩ ላይ 1780 የሚል ካየሽ ያን ያህል ያረጀ ነው ብለሽ አትደሰቺ። ምስሏ ያለበት የኦስትሪያ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዟል። በአባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ላይ ይገበያዩበት የነበረውም፣ ብዙ ቆይቶ የተመታውም ያው 1780 ይላል። ወርቅ ቤት አስመዝኚያቸው፣ ከአንድ በላይ ቤት ጠይቂ፣ በአሸዋም በሎሚም አታጽጃቸው። እኔ ብሆን አልሸጣቸውም፤ የአያትሽ ፈቃድ ግን ይቅደም።

ሳንቲሙ ቀላል ነው። የአንድ ብሩን ለይተሽ ቁጠሪ። ለሰፈር ሱቅ ወይም ለታክሲ ረዳት ስጪው፤ መልስ የጠፋባቸው ናቸው፣ ከባንክ ካሸር ይልቅ በደስታ ይቀበሉሻል።

የቀረው ዋናው ነገር ነው። የተለወጠው ብር ተመልሶ አልጋ ሥር እንዳይገባ። የአያትሽ ምክንያት የሚናቅ አይደለም። ለረጅም ዘመን በወለድ ለማያምን ሰው ባንክ ያቀረበለት ምንም አልነበረም። አሁን ግን ነገሩ ተለውጧል። በ2013 ዓ.ም. ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀምሯል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ከመደበኛዎቹም ብዙዎቹ ከወለድ ነፃ መስኮት አላቸው። «ወዲዓ» የሚባለው ሂሳብ በአደራ ማስቀመጥ ነው፤ ወለድ አይታሰብበትም። ባንኩ ቢወድቅስ ብለው ከፈሩ ደግሞ የተቀማጭ ገንዘብ መድን ፈንድ ተቋቁሟል፤ ለአንድ አስቀማጭ እስከ 100,000 ብር ይሸፍናል። የእሳቸው ገንዘብ ከዚያ በታች ነው። ጥሬ ገንዘብን በቤት ማከማቸት ሌላም ጣጣ አለው፦ ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. ከባንክ ውጭ በእጅ ለሚያዘው ገንዘብ ጣሪያ አውጥቶ ነበር። አያትሽ እዚያ ባይደርሱም ቤተሰቡ ውስጥ ሌላ ሳጥን ካለ ይታሰብበት።

ምክሬ እንግዲህ ይህ ነው። ደህናውን ብር ነገ ጠዋት አያትሽን ይዘሽ ባንክ ሂጂ፤ በስማቸው የወዲዓ ሂሳብ ክፈቱና አስገቡት። ሂሳብ የከፈተ ደንበኛ ሆነሽ የተጎዳውን ካርቶን እዚያው ቅርንጫፍ፣ በማመልከቻና በደረሰኝ አስረክቢ። ለሥራ አስኪያጁም ጉዳዩን ለማስረዳት ይቀልሻል። ተመርምሮ የሚመጣው ክፍያም በቀጥታ ሂሳባቸው ይግባ በሉ፤ በእጅ አትቀበሉ። የድሮውን 9,000 ከካርቶኑ ውስጥ አውጪ። አብሮ ከተገኘ ሌላውንም ያጠራጥርብሻል። አንድ ሁለቱን ለልጆች ማሳያ አስቀምጪ፣ የቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው። ማስረከቢያ ደረሰኙን ደግሞ ፎቶ አንስተሽ ለአጎትሽም ላኪለት፤ አንድ ቅጂ ከቤት ውጭ ይቀመጥ።